የበርተን የድንጋይ ድንኳን፦ ለባለቤትዎ መቃብር ከእርሱ ምን ይውሰዱ፣ ምን ይተዉ

ጥያቄ፦ «ባለቤቴ ከስድስት ወር በፊት አርፎ ለንደን ውስጥ በካውንስል (በአካባቢው አስተዳደር) የመቃብር ስፍራ ተቀብሯል። የሐረር ልጅ ስለነበር ወደ ሐረር ስለ ገባው እንግሊዛዊ ስለ ሪቻርድ በርተን ብዙ ያወራ ነበር፤ ለንደን ውስጥ ሞርትሌክ በተባለ ሰፈር ያለውን መቃብሩንም አብረን አይተነዋል። ሚስቱ በሐዘኗ ጊዜ በገዛ ገንዘቧ እንዳሠራችለት፣ የድንኳን ቅርጽ የሰጠችውም በልቡ ሙስሊም ስለነበረ እንደሆነ ሰምቻለሁ። እኔም አነስ ያለ፣ በር ያለውና ውስጡ ተቀምጬ የምጸልይበት፣ ከነጭ እብነ በረድ የተሠራ ቤት መሰል ሐውልት አሠርቼ በሙት ዓመቱ ለማስመረቅ አስቤአለሁ። ከመቶ ዓመት በላይ ከቆመው ከዚያ ድንኳን ምን ልማር? ምን ዓይነት ድንጋይስ ልምረጥ?»

መልስ፦ ስለ ድንኳኑ የሰሙት ነገር ከፊሉ ትክክል አይደለም፤ ዕቅድዎም በዚያ ላይ ስለ ቆመ ከእርሱ እጀምራለሁ። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በርተን ሐረር የገባው በጥር 1855 ሲሆን፣ ከአሚሩ ከተማ የቆየውም ዐሥር ቀን ያህል ነው። ድንኳኑ ግን ከሐረርም፣ ከሃይማኖቱም ጋር አይያያዝም። በ1853 ሐጅ አድራጊ መስሎ መካ ድረስ መግባቱ የሙስሊምነቱን ወሬ አቀጣጥሎታል፤ መቃብሩን ያሠራችው ሚስቱ ኢዛቤል አረንደል ግን ከጥንት የካቶሊክ ቤተ ሰብ የተወለደች፣ በእምነቷ የማትደራደር ሴት ነበረች። ባሏ ቆንስል ሆኖ ይሠራባት በነበረችው በወደብ ከተማዋ በትሪየስቴ ጥቅምት 20 ቀን 1890 ሲሞት ቄስ አስጠርታ የካቶሊክ ሥርዓት አስፈጽማለታለች፤ ይህም ከወዳጆቹና ከዘመዶቹ ብዙ ወቀሳ አምጥቶባታል። መቃብሩ ያለው በሞርትሌክ በቅድስት ማርያም መግደላዊት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው፤ ከመግቢያው በላይ ስቅለቱ አለ፤ ውስጡም የጸሎት መሠዊያ ነበረው። ጨረቃና ኮከብ ከስቅለቱ ጋር አንድ ላይ መቀረጻቸው ብዙ ጎብኚ ያደናግራል። ድንኳኑ የመጣው ከደማስቆ ነው፦ በርተን እዚያ ቆንስል በነበረበት ከ1869 እስከ 1871 ባለው ጊዜ ባልና ሚስቱ በረሃ ወርደው በድንኳን ይሰነብቱ ነበር። ኢዛቤል እንደ ጻፈችው፣ ባሏ አስከሬኑ እንዲቃጠልም ሆነ ባሕር ውስጥ እንዲጣል አልፈለገም፤ የሚወደው ሁለቱም በአንድ ድንኳን ጎን ለጎን ቢያርፉ ነበር። ሥራው የትዳራቸው ትዝታ ነው፤ የድንጋይ ጠራቢዎቹም ብልሃት ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ግድግዳው ተወጥሮ እንደ ተንጠለጠለ ሸራ እጥፋት እጥፋት ሆኖ ተጠርቧል፣ ውስጡም በሩ በተከፈተ ቁጥር እንዲያቃጭሉ የግመል ቃጭሎች ተሰቅለውበት ነበር።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ኢዛቤል ባሏ የሞተባት የቆንስል ሚስት እንጂ ባለጠጋ አልነበረችም። ለሥራው ከሕዝብ መዋጮ ተሰብስቧል፤ በተገለጠ መጽሐፍ አምሳል በተጠረበው እብነ በረድ ላይም ሐውልቱ በአገሩ ሰዎች ፍቅር እንደ ቆመለት ተጽፏል። የእርሷ ድርሻ ሐሳቡ፣ ጭቅጭቁና ትዕግሥቱ ነው። አስከሬኑ በመርከብ ከትሪየስቴ ወደ ሊቨርፑል ተጉዞ፣ ቀብሩ የተፈጸመው ሰኔ 15 ቀን 1891 ማለትም ከሞተ ስምንት ወር ሊሞላ ሲል ነው። በሙት ዓመት ለማስመረቅ ለሚጣደፍ ሰው ይህን ማስታወስ አይከፋም።

አሁን ወደ ዋናው ስሕተት ልምጣ፤ «ከመቶ ዓመት በላይ ቆሟል» የሚለው። ድንኳኑ የቆመው በራሱ ጥንካሬ ብቻ አይደለም። ኢዛቤል መጋቢት 22 ቀን 1896 እስክትሞት ድረስ በአካባቢው ቤት ይዛ እየተመላለሰች ተቀምጣበታለች፤ ከሞተች በኋላ ግን መቃብሩን የሚጠብቅ ልጅ አልነበረም፤ አልወለዱምና። በዘመናት ውስጥ ጉዳት ደርሶበታል፤ በሩም ታሽጓል። ዛሬ ጎብኚ ውስጡን የሚያየው ከኋላ በኩል በተሠራ መሰላል ወጥቶ በመስተዋት አሻግሮ ነው፤ የሁለቱ ሣጥኖች መሬት ሳይገቡ በአንድ ክፍል ውስጥ ይታያሉ። የታደሰውም በርተን ስመ ጥር ሰው ስለሆነና ሕንፃው በእንግሊዝ የቅርስ መዝገብ በከፍተኛ ደረጃ ስለ ተመዘገበ፣ ሰበካውና የቅርስ ተቆርቋሪዎች ገንዘብ ስላሰባሰቡለት ነው። እርስዎ የተመኙት ተቀምጦ የመጸለያ ክፍል በኢዛቤል መቃብር ያገለገለው ለአምስት ዓመት ያህል፣ ለእርሷ ለአንዲት ሴት ነው።

ይህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። በር ያለው መቃብር ጣራ፣ ቦይ፣ መዝጊያና አየር የሚያስፈልገው ሕንፃ ነው። በማይሞቅ የድንጋይ ክፍል ውስጥ በጸደይ ቀን ሞቅ ያለ እርጥብ አየር ሲገባ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርዳል፤ አየሩ የሚወጣበት ቀዳዳ ከሌለ ግድግዳው ዓመቱን ሙሉ አይደርቅም፤ ሻጋታ፣ ጨውና ዝገት የሚጀምሩት እዚያ ነው። በዚያ ዘመን የተሠሩ ሐውልቶችን ከማንም በላይ ያፈረሳቸው ግንበኞች ድንጋይ ከድንጋይ ለማያያዝ በውስጡ የቀበሩት ተራ ብረት ነው። ብረቱ እርጥበት አግኝቶ ሲዝግ ከቀድሞው መጠኑ ብዙ እጥፍ ያብጣል፤ ሲያብጥም ድንጋዩን ከውስጥ ሰንጥቆ ይጥለዋል። ከውጭ ሲታይ ድንጋዩ በገዛ ራሱ የፈነዳ ይመስላል። በተደጋጋሚ ከማየው ጥፋት አንዱ ደግሞ የኋለኞቹ ጠጋኞች መጋጠሚያውን በስሚንቶ መድፈናቸው ነው፤ ስሚንቶ ከለስላሳ ድንጋይ ስለሚጠነክር ውሃው በመጋጠሚያው መውጣት ሲያቅተው በድንጋዩ በኩል ይወጣና ፊቱን ይልጠዋል። ለእንዲህ ያለ ሥራ ተገቢው ኖራ ነው።

ገንዘብ ይህን ሁሉ ያሸንፈዋል ብለው እንዳያስቡ፣ ከበርተን መቃብር እጅግ የሚበልጠውን ልጥቀስ። ንግሥት ቪክቶሪያ ባሏ ልዑል አልበርት በታኅሣሥ 1861 ሲሞትባት፣ ዊንዘር አጠገብ ፍሮግሞር በተባለ ቦታ የመቃብር ሕንፃ ማሠራት ጀመረች፤ ውስጡን አስጊጦ ለመጨረስ እስከ 1871 ድረስ ፈጅቷል። (ዊንዘር ለእኛ አንባቢ የልዑል ዓለማየሁ ማረፊያ በመሆኑ ይታወቃል፤ እርሱ ያረፈው በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ነው፣ ከፍሮግሞር ጋር መምታታት የለበትም።) ገንዘብ ያልተቆጠበለት ያ ሕንፃ በረግረጋማ ሜዳ ላይ ስለ ቆመ እርጥበት ከሥር እየወጣ ሥዕሉንና ልስኑን አበላሸው፤ ለረጅም ዓመታትም ለሕዝብ ተዘግቶ ቆይቶ ሰፊ እድሳት አስፈልጎታል። ንግሥና፣ ግምጃ ቤትና ቋሚ ጠባቂ ያለው ሕንፃ እንዲህ ከሆነ፣ ግንብ ከመጀመርዎ በፊት ስለ መሬቱ መጠየቅ ግድ ነው።

ሆኖም ከፍሮግሞር አንድ የሚወሰድ ነገር አለ። ቪክቶሪያ የአልበርትን የተኛ ምስል ለቀራፂው ለማሮኬቲ ስታዝዝ የራሷንም በዚያው ጊዜ አሠርታ አስቀመጠች፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፎ በ1901 ስትሞት ምስሉ የት እንደ ገባ ጠፍቶ ተፈልጎ ነው የተገኘው። ያለበት ቢረሳም ቦታው ቀድሞ ተዘጋጅቶ ስለ ነበር ዛሬ ሁለቱ በአንድ የግራናይት መቃብር ላይ ጎን ለጎን ተኝተዋል። ኢዛቤልም ድንኳኑን ያሠራችው ከመጀመሪያው ለሁለት ነው። እርስዎም ከሁሉ አስቀድመው ሊያጣሩት የሚገባው የባለቤትዎ ጉድጓድ ለአንድ ሰው ወይስ ለሁለት ጥልቀት መቆፈሩን ነው፤ ለአንድ ከተቆፈረ በኋላ ማስተካከል አስቸጋሪ ነው፣ የሐውልቱ ንድፍም በዚሁ ይወሰናል።

ስለ ድንጋይ ምርጫ፦ ነጭ እብነ በረድ ለንደን ውስጥ ከደጅ እንዲቆም አልመክርም። እብነ በረድ ከኖራ ድንጋይ ጋር አንድ ዘር ነው፤ የዝናብ አሲድ ያሟሟዋል፤ የከሰል ጭስ በነበረበት ዘመን የቆሙትን ተጠግተው ቢዳስሷቸው ፊታቸው እንደ ስኳር ጣት ላይ ይረግፋል፣ የፊደላቸውም ጠርዝ ጠፍቷል፤ ዝናብ የማያጥበው ጥጋቸው ደግሞ በጥቁር ቅርፊት ተሸፍኗል። የዛሬው አየር ከዚያን ጊዜው ንጹሕ ቢሆንም ሂደቱ ዘገየ እንጂ አልቆመም። የበርተን ድንኳን የቆመበት ዋና ድንጋይ ምዕራብ እንግሊዝ ካለው ከፎረስት ኦቭ ዲን የመጣ አሸዋ ድንጋይ ነው፤ ቅንጣቶቹን ያያያዛቸው ኖራ ሳይሆን ባልጩት መሰል ማጣበቂያ በመሆኑ አሲድ እንደ እብነ በረድ አያሟሟውም። ኢዛቤል እብነ በረድን የተጠቀመችው በከፊል ነው፤ ይህም ለሥራው ዕድሜ ሳይበጅ አልቀረም። ለእርስዎ ግን ከአሸዋ ድንጋይም የሚሻለው ግራጫ ግራናይት ነው፤ ውሃ የማይጠጣ፣ ቅርጹን የሚይዝ፣ በውሃና በለስላሳ ብሩሽ ብቻ የሚጸዳ ነው። በስስ ንጣፍ የሚሰነጠቀው የዌልስ ስሌት ድንጋይም ለፊደል ሥራ እጅግ ጥሩ ነው፤ ቀጭን ጽሑፍ ከመቶ ዓመት በኋላ እንኳ ጥርት ብሎ ይነበብበታል። የተወለወለ ጥቁር ግራናይት በወገኖቻችን ዘንድ በጣም ይወደዳል፤ ድንጋዩ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን በላዩ ላይ የሚቀባው የወርቅ ቀለም በየጥቂት ዓመቱ ይለቃል፤ ስለዚህ ፊደሉ በጥልቀት መቀረጹን ያረጋግጡ፤ ቀለሙ ቢሄድም ስሙ ይቀራል።

ስለ ፊደል ከተነሣ፣ እንግሊዝ አገር ያሉ አብዛኞቹ ድንጋይ ቀራጮች የግእዝ ፊደል አያነቡም። ጽሑፉን በተራ ፋይል ሲልኩላቸው በእነርሱ ኮምፒዩተር ላይ ወደ ባዶ ሣጥን ይቀየራል፣ ወይም ሰውየው በዓይኑ እያየ ሲገለብጥ «ሰ» እና «ለ»፣ «ተ» እና «ቸ» ይቀያየሩበታል፤ ቅጥያዋ የወደቀች «ሥላሴ» አይቻለሁ። ፊደሉ ወደ መስመር ሥዕል ተቀይሮ ይላክ፤ ከዚያም በትክክለኛው መጠን በወረቀት ታትሞ፣ ፊደል በሚያነቡ ሁለት ሰዎች ታይቶና ተፈርሞበት ከመለሱ በኋላ ብቻ መቅረጽ ይጀመር። የተቀረጸ ግራናይት አይደለዝም።

ከድንጋዩ ይልቅ ዕቅድዎን የሚወስነው ግን ሕጉ ነው። በእንግሊዝ አገር የካውንስል መቃብር ሲገዙ የሚገዙት መሬቱን ሳይሆን በዚያ ቦታ የመቅበር ብቸኛ መብትን ነው፤ በ1977ቱ የአካባቢ አስተዳደሮች የመቃብር ደንብ መሠረትም ይህ መብት በአንድ ጊዜ ከመቶ ዓመት ላልበለጠ ዘመን ይሰጣል፤ ብዙ ካውንስሎች የሚሰጡት ከዚያ ያነሰ ነው፣ ሲያልቅም ይታደሳል። ሐውልት የማቆም ፈቃድ ራሱን የቻለ ጉዳይ ሲሆን የራሱ ክፍያና የራሱ ዘመን አለው። ሰነዱ በማን ስም እንደ ሆነ ይመልከቱ፤ በሐዘኑ ግርግር ወቅት ክፍያውን የፈጸመው የዕድር ሰብሳቢ ወይም ዘመድ ከሆነ በእርሱ ስም ወጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ሐውልት ለማቆም የሚያመለክተው ደግሞ ባለ ሰነዱ ነው። ቦታው በሣር ሜዳ ክፍል ከሆነ፣ ከራስጌ ከሚቆም ድንጋይ በቀር ምንም አይፈቀድም፤ ቤት መሰል ግንብ የሚፈቀደው እንዲህ ላለው ሥራ ተለይቶ በተመደበ ክፍል ብቻ ነው፣ ብዙ የመቃብር ስፍራዎችም ይህ ክፍል የላቸውም። ይህን የምጽፈው ከሌላ አቅጣጫ ሊያስቡበት ይችላሉ ብዬ ጭምር ነው፤ አንዳንዶች ወደ እንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን አጸድ ቢዛወር ነፃነት ያለ ይመስላቸዋል። እውነቱ ተቃራኒው ነው። እዚያ ከተራ ድንጋይ ያለፈ ሥራ የሀገረ ስብከቱን ዳኛ ፈቃድ ይጠይቃል፤ የተወለወለ ጥቁር ግራናይትም ሆነ ፎቶግራፍ በአብዛኛው አይፈቀድም። በካውንስል መቃብር ግን በሴራሚክ የታተመ ትንሽ ፎቶ ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል።

ጊዜውም ከእርስዎ ጋር አይደለም። አዲስ የተሞላ አፈር ይሰምጣል፤ በዚህም ምክንያት አብዛኞቹ ስፍራዎች ከቀብሩ በኋላ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት እንዲጠበቅ ያዝዛሉ፤ የለንደን ሸክላ አፈር በበጋ ተኮማትሮ በክረምት ስለሚያብጥ፣ ከባድ ድንጋይ ያለ በቂ መሠረት ከቆመ ዘንበል ይላል። የመቃብር ድንጋይ ወድቆ ሕፃናት የሞቱባቸው አደጋዎች ስለ ደረሱ ካውንስሎች ሐውልቶችን እየነቀነቁ ይመረምራሉ፤ የተወዛወዘውን ያስተኙታል፤ ማስተካከያውም የባለ ሰነዱ ወጪ ነው። በሙት ዓመቱ ጸሎተ ፍትሐት ማድረግና ሐውልት ማስመረቅ የግድ በአንድ ቀን መዋል የለባቸውም። ጸሎቱን በቀኑ ያድርሱ፤ እስከዚያ የእንጨት መስቀል ከስሙ ጋር ይቁም፤ ድንጋዩን አፈሩ ከረጋ በኋላ፣ ከክረምት ውርጭ ርቀው በግንቦት ወይም በሰኔ ያስቁሙት።

እንግዲህ ቁርጥ ያለ ምክሬ ይህ ነው፦ ክፍል አይሥሩ። ከግራጫ ግራናይት የተጠረበ፣ ዝቅ ያለና ወፍራም፣ ውሃ የሚቋጥር እጥፋትም ሆነ ጉድጓድ የሌለው የራስጌ ድንጋይ ያሠሩ፤ በግራ በኩል የባለቤትዎ ስም ይቀረጽ፣ ቀኙ ለእርስዎ ባዶ ይተው። የድንኳኑ ነገር ከልብዎ ካልወጣ፣ ወይም ባለቤትዎ የሚወደው የሐረር ነገር ካለ፣ ለምሳሌ የግንቡ በር ቅስት፣ በድንጋዩ ፊት ላይ በጥልቀት ሳይሆን በስሱ ሊቀረጽ ይችላል፤ ይህ ጥገና አይጠይቅም፣ የካውንስሉንም የቁመት ገደብ አይነካም። ለመቀመጥ ለሚፈልጉት ደግሞ ብዙ ስፍራዎች የመታሰቢያ አግዳሚ ወንበር እንዲያቆሙ ይፈቅዳሉ፤ ከተፈቀደልዎ ከመቃብሩ ትይዩ ያድርጉት። ለክፍሉ ሊያወጡት ከነበረው ገንዘብ ጥቂቱን የመቃብሩን ዘመን አሁኑኑ ለማራዘም፣ ሌላውን በልጆችዎ ስም ለጥገና ማስቀመጥ ከማንኛውም ጌጥ ይበልጣል።

ለጥንቃቄ፦ በድንጋዩና በመሠረቱ መካከል የሚገባው ማያያዣ የማይዝግ ብረት መሆኑ በውሉ ላይ ይጻፍ፤ ሠሪው በመቃብር ስፍራው የተመዘገበ ይሁን፣ ብዙ ካውንስሎች ያልተመዘገበ ሠሪ አያስገቡምና። በኋላም በረኪና፣ የሽቦ ብሩሽና በግፊት ውሃ የሚረጭ ማሽን አያስነኩት፤ «ድንጋይን ይጠብቃል» ተብሎ የሚሸጥ ቅባትም ግራናይት አያስፈልገውም፣ ለሌላው ድንጋይ ደግሞ እርጥበቱን ውስጡ ስለሚያስቀር ጉዳቱ ያመዝናል። ድንጋዩ ላይ ሻማ ማብራት ልማዳችን ነው፤ የሰም ቅባት ግራናይት ላይ ነጥብ ይተዋል፣ ሻማውን በመስተዋት ማኖሪያ ውስጥ አድርገው ከድንጋዩ ፈንጠር አድርገው ያኑሩት።

በዚህ ሳምንት የመቃብር ሰነዱን ይዘው ወደ ስፍራው ጽሕፈት ቤት ይሂዱና የጉድጓዱን ጥልቀት፣ የክፍሉን ዓይነት፣ የሚፈቀደውን ቁመትና የቀረውን ዘመን በጽሑፍ ይጠይቁ። ሠሪው «ፈቃዱን እኔ አወጣለሁ» ቢልዎት እንኳ፣ የፈቃዱ ወረቀት እጅዎ ሳይገባ ቀብድ አይክፈሉ።